እሳት ያልነካው ሸክላ

እኔ ትምህርቴን ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሸክላ ሠሪ ነኝ። ብዙ አላውቅም፤ የማውቀው ጭቃ ነው። ጭቃን ግን ሠላሳ ዓመት በእግሬ ረግጬዋለሁ፣ በእጄ ለውሼዋለሁ፣ ጥፍሬ ሥር ገብቶ ከእኔ ጋር ተኝቷል። በዚህ ጉዳይ የተከራከረኝ ሰው አሸንፎኝ ሲሄድ ታይቶ አይታወቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ተሸንፌያለሁ፤ እሱን ልጽፍላችሁ ነው። ሰው መሸነፉን እንዴት በኩራት ይጽፋል የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ያንብብና ይፍረድ።

አንድ ቀን ጠዋት የእቶኔን አመድ በጆንያ ሞልቼ፣ ተሸክሜ መንገዱን ልሻገር ስል ከታክሲ የወረደች ሴት ልትገጨኝ ትንሽ ቀራት። ልሳደብ አፌን ከፍቼ ቀና ብል የእህቴ ልጅ ናት። የምትሠራው አፈር በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ነው። የመጣችውም እኔን ብላ ሳይሆን ከወንዙ ዳር ካለው የጎመን እርሻ አፈር ልትወስድ ነው።

«አክስቴ! ይኼን ሁሉ አመድ ወዴት ነው?»

«ለጋሼ ነዋ፣ ለማን ይሆናል!»

ጋሼ የምላቸው ከመንገዱ ማዶ ስድስት ላሞች የሚያረቡትን ሽማግሌ ነው። ሰፈሩ ከኋላቸው «ባለ አፍንጫው» ይላቸዋል። እውነትም አፍንጫቸው ጉድ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ኩባያ ወተት ያሸቱና፣ «ይኼ የዳለቻ ነው፤ ትናንት እርጥብ ሳር በልታለች» ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም። ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ከእነዚያ ላሞች ሌላ የሚያነጋግሩት ሰው ያላቸው አይመስለኝም፤ እኔን ቢቆጥሩኝ ነው።

ያን ሰሞን ግን ፊታቸው ጠቁሯል። የጤና ተቆጣጣሪዋ ከሦስት ቀን በፊት መጥታ ወረቀት ሰጥታቸዋለች፦ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ የበረቱ ሽታ ካልጠፋ ላሞቹ ከሰፈር ይወጣሉ። አቤቱታውን ያቀረበው ከበረቱ ጋር አጥር የሚጋራው የዓይን ክሊኒክ ነው። የክሊኒኩ ሲስተር እንዳለችው፣ አንድ ዓይኑን ታሞ የመጣ ሰው ተራው እስኪደርስ በሁለቱም ያለቅሳል።

«አመዱ ምን ያደርግላቸዋል?» አለች ልጅቷ።

«ሽታውን ይገድልላቸዋል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ወረቀቱ ከመጣ ወዲህ ደግሞ እጥፍ አድርጌዋለሁ።»

ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። «አክስቴ፣ እንዳትቆጪኝ።»

«እንዳትቆጪኝ ያለ ሰው ሊያስቆጣኝ ነው። ተናገሪ።»

«አመዱ ሽታውን አይገድለውም። እየቀሰቀሰው ነው።»

ጆንያውን ከትከሻዬ ጣልኩት። አቧራው ሁለታችንንም አለበሰን። «አሥራ ሁለት ዓመት! ገብቶሻል? አሥራ ሁለት ዓመት ጀርባዬ እስኪጎብጥ የተሸከምኩት ነገር ጎረቤቴን ሲጎዳ ኖረ ነው የምትይኝ?»

«ለመጉዳት ብለሽ አላደረግሽውም።»

«አታባብይኝ!»

ጩኸቴን ሰምተው ጋሼ ከበረቱ ወጡ። እጃቸው ላይ መጥረጊያ አለ፤ ካለ መጥረጊያ አይቼያቸው አላውቅም። በረታቸውን በቀን ሦስት ጊዜ ነው የሚጠርጉት። «ምንድን ነው ጠዋት በጠዋት? የማን እሳት ጠፋ?» አሉ።

«ይቺ የተማረች የእህቴ ልጅ፣ ጋሼ፣ አመዱ ነው የሚሸተው ትላለች።»

«እንደዚያ አላልኩም» አለች ልጅቷ፤ እጇን ዘርግታ በአክብሮት ሰላም አለቻቸው። «አባቴ፣ ከፈቀዱልኝ አሁኑኑ ላሳይዎት። ትንሽ የበረት እጣቢ በኩባያ ይስጡኝ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ወተት ነው ሰው የሚለምነኝ። አንቺ ደግሞ ሽንት ለምነሽ ነው የምትማሪው?» አሉና ቀድተው ሰጧት።

ኩባያውን አሸተተችው፤ እኔም አሸተትኩት። ይሸታል፤ ግን የሚቻል ነው። ከጆንያዬ አንድ እፍኝ አመድ አነሳች፣ ጨመረችበት፣ በእንጨት አማሰለችውና በመዳፏ ከደነችው። ጥቂት ቆይታ፣ «በይ አሁን አሽቺው» አለችኝ።

እልኸኛ ስለሆንኩ አፍንጫዬን አስጠግቼ ሳብኩት። የበርበሬ ወፍጮ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ።

«አሞኒያ ይባላል» አለች። «ሽንቱ ከእበቱ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ጋዝ ነው። ፈሳሹ ውስጥ ተኝቶ ይቆይ ነበር፤ አመዱ ግን አላስተኛ ብሎ ወደ አየር ያባርረዋል። ኖራም ቢሆን እንደዚያው ነው።»

ጋሼ ኩባያውን ተቀበሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እንደ ወተት አሸተቱት። «ምንም የለውም» አሉ።

«ጋሼ፣ እያለቀሱ እኮ ነው» አልኳቸው። እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል።

«ንፋሱ ነው» አሉ።

ንፋስ አልነበረም። ሽማግሌን በር ላይ ማሳፈር ጥሩ ስላልሆነ ልጅቷ ኩባያውን ተቀብላ ደፋችው። ያን ጊዜ ግን አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ተቀመጠ፦ እኚህ ሰው ክሱን የምቀኛ ሥራ ነው የሚሉት ከልባቸው ነው፤ ሌት ተቀን በረቱ ውስጥ ስለሚውሉ አፍንጫቸው ለምዶት ሽታው አይሸታቸውም።

«እንግዲህ አመዱ ካልሆነ ምን ይሁን?» አልኳት።

«ሸክላ! አክስቴ፣ መድኃኒቱ አንቺው ቤት ነው ያለው። ሸክላ አሞኒያን ይዞ ያስቀራል። አፈሩን ብትወስጂና…»

«በቃ ገባኝ!» አልኳት። ልቤ በደስታ ዘለለ። ሸክላ! ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ነገር! ልጅቷ ልትጨርስ አፏን ስትከፍት፣ «ሂጂ ሥራሽ ላይ፤ የሸክላን ነገር ለእኔ ተይው» ብዬ ሸኘኋት። እሷም ሰዓቷን አይታ ወደ ወንዙ ወረደች። የዚያን ቀን ጆሮ ሰጥቻት ቢሆን ኖሮ ብዙ ድካም ይቀርልኝ ነበር።

እኔ እንደማውቀው ሸክላ ማለት እሳት የገባ ነው። ያልተቃጠለውን ሸክላ ብሎ የሚጠራ ሙያተኛ የለም፤ እሱ ጭቃ ነው፣ ዝናብ ይመልሰዋል። ስለዚህ ከእቶኑ ጀርባ የተከመረውን ገል፣ ማለት ባለፉት ዓመታት የተሰበረብኝን ማሰሮና ገንቦ ሁሉ፣ ሦስት ቀን ቀጠቀጥኩት፣ ፈጨሁት፣ በወንፊት ነፋሁት። መዳፌ ደም ቋጠረ። ጋሼ በጋሪ ወሰዱና በረቱ ውስጥ እንደ ምንጣፍ አነጠፉት። ቀይ፣ የሚያምር ወለል ሆነ። አመዱንም አቆምን።

ቆመን አደነቅነው። «አሁን ተቆጣጣሪዋ ትምጣ!» አሉ ጋሼ።

ከአራት ቀን በኋላ የመጣችው ተቆጣጣሪዋ ሳትሆን ሲስተሯ ናት። መሐረብ አፍንጫዋ ላይ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «ጋሼ፣ እርስዎን አስቀይሜ መኖር አልፈልግም። አመዱ ቀርቶ ትንሽ ቀለል ብሏል። ግን ዛሬም ዶክተሩ መስኮት ዘግተው ነው የሚሠሩት። ሙቀቱ ገደለን።»

ሽማግሌው ቀዩን ወለል አዩት፣ እኔን አዩኝ። መጥረጊያቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱ ከሰጠው ጊዜ አምስት ቀን ብቻ ቀርቶ ነበር።

በዚያው ቀን ለእህቴ ልጅ ደወልኩላት። ከሥራ ስትወጣ መጣች፤ እኔም የሸክላ መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ሳልቀመጥ ጠበቅኋት።

«ሸክላ ያልሽው አንቺ ነሽ!» አልኳት። «ፈጭቼ፣ ነፍቼ አነጠፍኩ። ምን ሆነ? ምንም!»

ከፈጨሁት ቆንጥራ በጣቶቿ አሸችው። «አክስቴ፣ ይኼ ገል ነው።»

«ገልስ ከምን መጣ? ከሰማይ ወረደ?»

«እሳት ገብቶታል።»

«እንዴታ! ጭቃን ሰው የሚያደርገው እሳት አይደለም እንዴ? እሳት ያልነካውንማ የትም ወድቆ ታገኚዋለሽ።»

«ለማሰሮ ልክ ነሽ» አለች ረጋ ብላ። «ለአሞኒያ ግን እሳቱ በሩን ዘግቶበታል።»

«የምን በር?»

እርጥብ ዕቃ የምሸፍንበትን ጨርቅ ከመደርደሪያው አወረደች። እጥፍ እጥፍ አድርጋ ደራረበችው። «የሸክላ አፈር በዓይን የማይታዩ ስስ ቅጠሎች ተደራርበው የተሠራ ነው፤ ልክ እንደዚህ ጨርቅ። እያንዳንዱ ቅጠል ደግሞ ማግኔት ምስማር እንደሚስበው የሚስብ ኃይል አለው። አሞኒያው እርጥበት ውስጥ ሲገባ ይለወጥና ያ ኃይል የሚስበው ዓይነት ይሆናል። ቅጠሉ ላይ ይለጠፋል፣ በቅጠሎቹም መካከል ይገባል። ከዚያ በኋላ ንፋስ አይወስደውም፤ ዝናብም በቀላሉ አያጥበውም። እቶን ውስጥ ሲገባ ግን ቅጠሎቹ ይጣበቁና አንድ ድንጋይ ይሆናሉ። ማሰሮሽን ውሃ የማያፈርሰው ለዚህ ነው። አሞኒያው ግን ይመጣል፣ ያንኳኳል፣ የሚከፍትለት የለም፣ ይሄዳል።»

ጨርቁን ቀምቻት እጥፋቱን በጣቴ ገለጥ ገለጥ አደረግኩ። ማመኔ ግን አልነበረም።

«ደግሞ ከሁሉም አብልጦ የሚይዘው የትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለች። «ጭቃ ከምትቆፍሪበት ጉድጓድ አፍ ላይ ገፍፈሽ የምትጥዪው ጥቁሩ ዋልካ።»

ይኼኔ ደሜ ፈላ። ዋልካ ማለት ለሸክላ ሠሪ ጠላት ነው። ጥሩው ጭቃ ጋ ለመድረስ በመጀመሪያ እሱን በዶማ መግፈፍ አለ። አንድ ጭብጥ ሳይታይ ከሾለከ ማሰሮው ሲደርቅ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። «እሱን ቆሻሻ ነው የምታሞግሽልኝ? ስንት ዕቃ እንደጨረሰብኝ ታውቂያለሽ?»

«ለምን ይሰነጥቃል፣ አክስቴ? አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

«ስለሚያብጥ ነዋ! ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የማይረጋ ነገር ነው።»

«የሚያብጠው ቅጠሎቹ ስለሚከፈቱ ነው።»

እጄ አገጬ ላይ ቀረ። ያን ማበጥ ሠላሳ ዓመት በጣቴ ሥር አውቀዋለሁ። የሆነ ነገር ሲገባበትና ሲወጣበት ነው የኖረው፤ እኔ ምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። በዚያ ላይ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። የምጥለው ዋልካ የሚከመረው ከጋሼ በረት በስተጀርባ፣ የበረቱ ፍሳሽ በሚያልፍበት ቦይ አጠገብ ነው። ከቦዩ ወዲህ አሸዋ ነው፤ አንዲት ቅጠል የለበትም። ክምሩ ላይ ግን ሳሩ ወገቤ ይደርሳል፤ አረንጓዴነቱ ጥቁር እስኪመስል ድረስ። በየዓመቱ «ይኼ አረም ምን በልቶ ነው?» እያልኩ አልፌዋለሁ።

«አንቺ ልጅ» አልኳት፣ «ተነሽ፤ ጋሼ ጋ እንሂድ።»

ጋሼ ግን አይሆንም አሉ። «ላሞቼን ጭቃ ላይ አላስተኛም! በሕይወቴ በረቴን ጠርጌ፣ አጥቤ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን በስተርጅና አፈር ከውጭ ተሸክሜ ላስገባ? ጡታቸው ቢቆሽሽ ወተቱን ማን ይጠጣልኛል?»

«አባቴ፣ ጭቃ አይደለም» አለች ልጅቷ። «ደረቅ ያለ፣ የተፈረፈረ አፈር ነው፤ በላዩ ጭድ ይለብሳል። ላሞቹ የሚተኙት ጭዱ ላይ ነው። አፈሩ ከሥር ሆኖ ሽንቱን ይጠጣል።»

«ወረቀት ላይ ያምራል።»

«እንግዲያው ወረቀቱን እንተወውና አፍንጫዎ ይፍረድ። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ጠዋት ከታለቡ በኋላ አክስቴ ማድረቂያ ክፍል ይምጡልን። ሦስት ነገር አሽተው ይንገሩን።»

አፍንጫቸው ሲጠራ እምቢ ማለት አይችሉም። «እንዴት ያለች ተንኮለኛ ናት!» አሉኝ፤ ግን መጡ።

ማድረቂያ ክፍሌ ከመንገዱ ማዶ፣ ከግቢዬ ጥግ ነው። ጥሬ ዕቃ፣ ንጹሕ አየርና ጥላ ብቻ ነው ያለበት። ልጅቷ ሦስት ጣሳ ከሥር በምስማር በስታ ደርድራለች። አንዱ አሸዋ፣ አንዱ የፈጨሁት ገል፣ አንዱ የተፈረፈረ ዋልካ፤ ዋልካው ብቻውን ውሃ ስለማያሳልፍ አሸዋ ቀላቅላበታለች። በሦስቱም ላይ እኩል የበረት እጣቢ አፈሰሰች። ከሥራቸው ሦስት የእኔ ስኒዎች ተቀምጠዋል።

አሸዋው ወዲያው ለቀቀው። ገሉም ብዙ አልቆየ። ዋልካው ግን አንድ ጠብታ፣ ቆይቶ ሌላ ጠብታ። ረፋዱ አለፈ። ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ስለ ዳለቻ እናት፣ ስለ ዳለቻ አያት አወሩን። ከበረታቸው ርቀው ያን ያህል የተቀመጡበትን ቀን አላስታውስም።

የዋልካው ስኒ ሲሞላ እኩለ ቀን ሆኗል። የአሸዋውን አነሱ፣ አሸተቱ፣ ፊታቸውን አጨማደዱ። «ይኼ ሽንት ነው።» የገሉን አሸተቱ። «ይኼም ሽንት ነው። የባለ ሸክላዋ ድካም ገደል ገባ።» ከበረቱ ርቆ ንጹሕ አየር ያገኘው አፍንጫቸው ይህን ሽታ እንደገና ማሽተት መጀመሩን ያን ጊዜ ማናችንም አላስተዋልንም። የዋልካውን አነሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዳግመኛ አሸተቱ። ስኒውን አዙረው ከሥሩ አዩት፣ ቀዳዳ ካለው ብለው።

«ምን አደረግሽበት?»

«ምንም፣ አባቴ። አሞኒያው አፈሩ ውስጥ ቀርቷል።»

«ቀርቶስ ምን ይሆናል? ነገ ተመልሶ አይወጣም?»

«አመድና ኖራ ካልጨመሩበት ብዙው እዚያው ይቀመጣል። የአትክልት ሥር ሲመጣ ከራሱ ሌላ ነገር ለአፈሩ ይሰጥና በለውጡ እሱን ይወስዳል። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው እሱ ነው። አመዱ ያባርርልዎት የነበረው እኮ ምግብ ነው። ዓይናቸውን ለታመሙ ሰዎች ሲበተን የኖረው የጎመን ቀለብ ነው።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እስቲ ላስብበት» ብለው መጥረጊያቸውን አነሱ። ሸኘናቸው። መንገዱን ተሻገሩ፣ የበረታቸውን በር ከፈቱና ደረጃው ላይ ቀጥ አሉ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ዞረው አዩን።

«ይኼ» አሉ፣ «ይኼ የማን በረት ነው?»

ሮጬ ሄጄ ክንዳቸውን ያዝኩ። እንባቸው እንደዚያ ቀን ይወርዳል፤ ንፋስ ነው ግን አላሉም። «ልጄ፣ እንደዚህ ነበር? እነዚህ እንስሳት እዚህ ውስጥ ነበር የሚያድሩት? ሲስተሯን ምቀኛ ብያታለሁ!»

«ጋሼ፣ አመዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የሚወቀስ ካለ እኔ ነኝ።»

«ወቀሳውን ሌላ ቀን እንካፈለዋለን» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «አካፋሽ የት ነው?»

በቀሩት ቀናት የሠራነውን ሥራ ሳስበው አሁንም ወገቤን ያመኛል። ገሉንና ያረጀውን አመድ ጠራርገን አወጣን። ዋልካውን ፀሐይ ላይ በትነን አጠፈፍነውና በዶማ ጀርባ ፈረፈርነው። እንደ ዱቄት እንዳይደርቅ፣ እንደ ጭቃም እንዳይረጥብ ልጅቷ አስጠንቅቃናለች፤ በእጅ ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ ሲነካ የሚበተን መሆን አለበት። ይህን ልክ ማንም እንዲያስተምረኝ አያስፈልግም፤ እጄ ያውቀዋል። አንድ ስንዝር አነጠፍን፣ ጭድ አለበስነው። የእበቱንም ክምር በዋልካ ሸፈንነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ተጣላን። ጋሼ ጥግ ላይ አንድ እፍኝ አመድ «ለማንኛውም» ብለው ሲበትኑ ያዝኳቸው። ልማድ ክፉ ነው። በአካፋ አፍሼ ወደ መንገድ ወረወርኩት።

ቀኑ ሲደርስ ተቆጣጣሪዋ መጣች። በሩ ላይ ቆማ አየሩን ሳበች፣ ግራ ገባት። «ላሞቹን ቀድመው አወጧቸው እንዴ?» አለች። ከውስጥ ዳለቻ ረጅም ድምፅ አውጥታ መለሰችላት።

ተቆጣጣሪዋ ግን እንደ እኔ እልኸኛ ናት። «ዛሬ ጥሩ ነው። ሁለት ወር አያለሁ። ሳልናገር እመጣለሁ» አለችና ወረቀቱን ሳትቀድ ቦርሳዋ ከተተችው። ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ በፍርሃት ኖርን። ፍርሃቱም ጠቀመን፤ አላስቦዘነንም። ሸክላ አፈርም እንደ ሰው እንደሚጠግብ የተማርነው ያኔ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሽታው ብቅ ሲል ጋሼ በአፍንጫቸው ቀድመው አወቁት፤ አፈሩ ጠግቧል፣ ሌላ መግባት አለበት አሉ። ጊዜውንም አሁን እሳቸው ናቸው የሚነግሩን።

የጠገበውን አፈር የወንዙ ዳር ጎመን አብቃይ ወሰደው። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያው ቀን የወሰደችው ናሙና ምን እንዳሳየ ለካ ነግራው ኖሯል፦ መሬቱ አሸዋ ነው፤ የሚጨምርበትን ፍግ ሁሉ ዝናብ ወስዶ ወንዝ ይከተዋል። ከእኛ አፈር በስድስት መደብ ላይ ቀላቀለ፣ የቀሩትን እንደነበሩ ተወ። ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። ድንበሩን ገመድ ማስመር አያስፈልገውም ነበር። ከወዲያ ያለው ጎመን የእጅ መዳፍ ያህል፣ ቢጫ፤ ከወዲህ ያለው እንደ እኔ ትልቁ ሰፌድ፣ ከጥቁር ዋልካ የወጣ ጥቁር አረንጓዴ። አፈሬ ነው አልኩ። ሰው ሰምቶኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ሁለት ወሩ ሲሞላ ተቆጣጣሪዋ ሳትናገር መጣች። እኔ፣ ጋሼና የእህቴ ልጅ በበረቱ በር ላይ ነበርን። ሲስተሯም በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ታያለች፤ ከኋላዋ የክሊኒኩ መስኮት ሁለቱም ክንፍ ተከፍቷል።

ተቆጣጣሪዋ ገባች፣ ጎንበስ አለች፣ ጭዱን ገልጣ አየች። «እንዴት ነው የሚሠራው?» ስትል ልጅቷ ልትመልስ ነበር፤ ጋሼ በእጃቸው አስቆሟት።

«ሸክላ አፈር ማለት፣ የእኔ እመቤት፣» አሉ፣ መጥረጊያቸውን እንደ መምህር ዱላ ይዘው፣ «ቅጠል በቅጠል የተደረበ ነገር ነው። አሞኒያ የሚባለው ይመጣና ይለጠፍበታል። እሳት የገባው አይሆንም፤ ባለ ሸክላዋን ጠይቂያት፣ መዳፏ ይናገራል። አመድማ በጭራሽ! አመድ ያባርረዋል። በፊት ሰው ያለቅስ ነበር፣ ላም ታለቅስ ነበር፤ አሁን ዳለቻን ዓይኗን እይ፣ መስታወት ነው። ወተቱ የራሱን ሽታ ብቻ ይሸታል። በረቴ ንጹሕ ነው፣ ጎረቤቴ መስኮቱን ይከፍታል፣ የወንዝ ዳሩ ሰውዬ ፍጉን ወንዝ አይበላበትም። ይኼ ሁሉ ከሚጣል አፈር ነው። ሰው እንዲያውቀው ጻፊልኝ!»

ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። ከዚያ የተሻለ እኔም አልናገረውም።

ተቆጣጣሪዋ ያን የመጀመሪያ ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች፤ ለሁለት ቀደደችው። ጋሼ በዳለቻ ግንባር ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ከዚያ ሌላ ቅጽ አወጣችና ብዕሯን አዘጋጀች። «ፈቃዱን ለማደስ አንድ ቦታ ይቀረኛል። ሽታውን ለማጥፋት የተጠቀማችሁበት ኬሚካል ስም።»

የእህቴ ልጅ ረጅም ነገር ልትነግራት አፏን ከፈተች።

«ቆይ» አልኩ። «ብዕሩን ለእኔ ስጪኝ።»

እጄን በቀሚሴ ጠረግኩ። ከሦስተኛ ክፍል ወዲህ ሌላ ሰው በሚያነበው ወረቀት ላይ ጽፌ አላውቅም ነበር። ቅጹን በበረቱ ግንብ ላይ አስደግፌ፣ ምላሴን ጥርሴ መሐል ይዤ፣ ቀስ ብዬ ጻፍኩት፦ አፈር።

ሦስት ፊደል ነው። ከመስመሩ አንዱም አልወጣብኝም።